ከሸሸርና ከወላላ እስከ ቀበሌያችን ኩሬ፦ የዓሣ መራቢያ እንዴት ጠፋ? እንዴትስ ይመለሳል?

በዓመት በዓላችን ልዩ እትም ላይ ስለ ሩዝ፣ ስለ ሽንኩርትና ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት ብዙ ይጻፋል። መጻፉም ተገቢ ነው፤ የዩኒየናችን ጉልበት ያለው እዚያ ነውና። የዓሣ ነገር ግን በጠቅላላ ጉባኤያችን «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» በሚለው የመጨረሻ ተራ ቁጥር ሥር፣ አባላት ወደ ቤታቸው ለመሄድ ዱላቸውን ካነሱ በኋላ የሚነሳ ነው። የዝግጅት ክፍሉ ከአካባቢያችን ታሪክ አንድ ነገር እንድጽፍ ሲጠይቀኝ የመረጥኩት ይህንኑ የመጨረሻ አጀንዳ ነው።

የምጽፈው ስለ ትልቁ ጣና አይደለም። ስለ ጣና የሚጽፉ ምሁራን ሞልተዋል። እኔ የምጽፈው ከጉልበት ብዙም ስለማያልፈው ውኃ ነው፤ ማለትም ስለ ሸሸር፣ ስለ ወላላ፣ በየቀበሌው ስላሉት ኩሬዎችና ረግረጎች። ይህ ውኃ በእርሻ ባለሙያዎችም ሆነ በአርሶ አደሩ ዘንድ ለብዙ ዘመን የሚታወቀው «ያልለማ መሬት» በሚል ስም ነው። እኔም ከኮሌጅ ተመርቄ ወደ ፎገራ ሜዳ በልማት ሠራተኛነት ስመደብ በዚሁ ስም ነበር የማውቀው።

ሜዳውና ውኃው

እንደሚታወቀው የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ፣ ከጉና ተራራ የሚነሱት ርብና ጉማራ ለብዙ ሺህ ዓመታት አፈር እያመጡ የደለደሉት ሜዳ ነው። ጣና ራሱ በስፋቱ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ ብዙ አይደለም፤ በአማካይ 8 ሜትር፣ ጥልቅ በሆነበት ቦታ ደግሞ ወደ 14 ሜትር ነው። ሐይቁ ጥልቀት የሌለው፣ ዳርቻውም ሜዳ በመሆኑ በክረምት የውኃው ከፍታ ጥቂት ሲጨምር ውኃው ወደ ሜዳው ረጅም መንገድ ይገባል። ርብና ጉማራም ከአፋቸው ሞልተው ይፈስሳሉ። ሐይቁ፣ ወንዙና ሜዳው ለሁለትና ለሦስት ወር አንድ ውኃ ይሆናሉ።

ሸሸርና ወላላ የሚገኙት በዚህ ሜዳ ላይ፣ ከርብ ወንዝ አጠገብ ነው። በክረምት በጎርፍና በዝናብ ይሞላሉ፤ በበጋ እየሸሹ ይሄዳሉ። ዳርቻቸው ቄጠማና ፊላ ነበር። የፎገራ ከብት በወተቱም በሥጋውም ስሙ የተጠራው ይህን የመሰለ የበጋ ግጦሽ ስላለው ነው። ቅዝቃዜውን ሸሽተው ከሩቅ አገር የሚመጡ ወፎችም የሚያርፉት እዚሁ ነው።

ዓሣው በዚህ ውኃ ምን ይሠራል? መልሱን ሳናውቅ ስለ መመለስ መነጋገር ስለማንችል እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ።

አምባዛ የመጀመሪያው የሰኔና የሐምሌ ጎርፍ ሲመጣ ከሐይቁና ከወንዙ ተነሥቶ ወደ ሜዳው ይወጣል። ከከባድ ዝናብ በኋላ፣ በሌሊት፣ ጎርፍ አዲስ በሸፈነው ሣር ላይ እንቁላሉን ይበትናል። እንቁላሉ ከሣሩ ላይ ይጣበቃል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥም ይፈለፈላል። አባትም እናትም አይጠብቁትም። ጠባቂው ሣሩ ነው። ውኃው የሞቀና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ጫጩቱ የሚበላው ጥቃቅን ነፍሳት በብዛት ይራባል፤ ትልልቆቹ ዓሦችም ሣሩ ውስጥ ገብተው ሊያሳድዱት አይመቻቸውም። ውኃው በመስከረምና በጥቅምት ወደ ሐይቁ ሲመለስ ጣት ያከለው ጫጩት አብሮት ይመለሳል። ሸሸርና ወላላ ለአምባዛ መራቢያ መሆናቸውን ተመራማሪዎችም በቦታው አጥንተው አረጋግጠዋል።

ቀረሶ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ፣ ፀሐይ መሬቱ ድረስ በሚደርስበት ቦታ፣ በጅራቱና በአፉ ሳሕን የመሰለ ጉድጓድ ይሠራል። ሴቷ እዚያ ትጥልና እንቁላሏን በአፏ ትይዛለች። ተፈልፍሎም ጫጩቱ አደጋ ሲያይ ተመልሶ እናቱ አፍ ውስጥ ይገባል። ቀረሶ ይህን ሁሉ በገደል አፋፍ ላይ ማድረግ አይችልም፤ ዝቅ እያለ የሚሄድ ዳርቻ ያስፈልገዋል። ነጭ ዓሣ የምንላቸው የጣና ዓሦች ደግሞ ብዙዎቹ በክረምት ወደ ርብና ጉማራ ሽቅብ ወጥተው በጠጠር ላይ ይጥላሉ። የእነርሱ ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚጠይቅ ብዙም አልሄድበትም።

ውኃው እንዴት ሸሸ?

የውኃውን መሸሽ ታሪክ ስናነሣ ጥፋቱን በአንድ ሰው ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት ላይ ለመጣል ይቀናናል። እኔ እንደማየው ግን ጥፋት ተብሎ የተሠራ ነገር ጥቂት ነው። እያንዳንዱ እርምጃ በጊዜው ምክንያት ነበረው፤ አንዳንዱም ሕይወት አድኗል።

ከሩዝ ልጀምር። ሩዝ በፎገራ መተከል የጀመረው በ1970ዎቹ ዓ.ም. በጅግናና በሻጋ በነበሩት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እገዛ ነው። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። የዛሬ ዩኒየኖች ከእነዚያ ማኅበራት በሕግም በአሠራርም ይለያሉ፤ የእኛ መሠረት የ1991ዱ አዋጅ ቁጥር 147 ሲሆን አሁን የምንሠራበት የ2009ኙ አዋጅ ቁጥር 985 ነው። ቢሆንም የሩዙን ነገር ለኅብረት ሥራ ታሪክ ማስመዝገብ ይገባናል። የ1982ቱ የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ታውጆ እነዚያ ማኅበራት ሲበተኑ ማኅበሩ ቀረ፤ ሩዙ ግን በአርሶ አደሩ እጅ ቆየ። ውኃ የሚተኛበትና ጤፍ የማይሆንበት መሬት ዋጋ አገኘ። ይህ ትልቅ ድል ነው። ከዓሣው ወገን ሆነን ስናየው ግን ጎርፉ የሚተኛበት የሣር ሜዳ በየዓመቱ እየታረሰ ወደ ውኃው ቀረበ።

ቀጥሎ የመጣው ሞተር ነው። የውኃ መሳቢያ ሞተር በብድርም በግዥም ከገባ በኋላ የበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም ተስፋፋ። በበጋ ሸሸርና ወላላ ያላቸው ውኃ ትንሽ ነው፤ ትንሹን ውኃ በብዙ ሞተር ሲስቡት የሚሆነውን ለመገመት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ውኃው በሸሸበት ደግሞ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ባሕር ሸሽ መሬት ለም ነው፤ ዝናብ ሳይፈልግ በእርጥበቱ ብቻ ያበቅላል። አንዳንድ ቦታ መሬቱ ቶሎ እንዲሸሽ ቦይ ተቀደደ።

በ1995 ዓ.ም. ጣና ራሱ እስከዚያን ጊዜ ተመዝግቦ ከሚታወቀው ሁሉ ዝቅ ወዳለ ደረጃ ወርዶ ነበር። በአንድ ወገን ድርቅ፣ በሌላ ወገን ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በጨረጨራ የሐይቁ መውጫ ላይ ሥራ የጀመረው መቆጣጠሪያ ለኤሌክትሪክ ኃይል የሚለቀው ውኃ ተደምረው መርከቦች ለወራት ቆሙ። ሐይቁ ሲሸሽ ሰው እርሻውን ይዞ ተከተለው። ሐይቁ ሲመለስ ግን ሰው ለመመለስ ፈቃደኛ አልነበረም።

ከዚያ የ1998ቱ የነሐሴ ጎርፍ መጣ። ፎገራና ሊቦ ከምከም ያየውን ያየ ሰው አይረሳውም። ቤት ፈረሰ፣ ከብት ሄደ፣ ሰው ተፈናቀለ። ጎርፍን ለመከላከል በወንዞቹ ዳርና ዳር የአፈር ግድብ መገንባቱና መጠናከሩ የሚነቀፍ ሥራ አይደለም። በላይኛው ርብም ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተሠራው ግድብ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ የታሰበ ነው። ይህ ሁሉ ለመስኖና ለሰው ደኅንነት የቆመ ነው። ነገር ግን የአፈሩ ግድብ ጎርፉን ከቤታችን ሲያግድ አምባዛውንም ከሸሸር አገደው። ዓሣ ግድብ አይዘልም።

ውጤቱ በሳተላይት ምስል ታይቷል። ሸሸር በ1979 ዓ.ም. ገደማ ከ1,500 ሄክታር በላይ ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. ከ150 ሄክታር በታች ወረደ። ወላላም በዚያው ጊዜ ግማሽ ያህሉን አጣ። ሃያ ዓመት ማለት አንድ ሕፃን ተወልዶ ለአካለ መጠን የሚደርስበት ጊዜ ነው። እኔ በተወለድኩበት ዘመን የነበረውን ሸሸር አላውቀውም፤ የማውቀው የቀረውን ነው።

በሐይቁ ላይም ሌላ ነገር ይካሄድ ነበር። እስከ 1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ ማጥመድ ማለት በዋናነት ነገደ ወይጦና የደሴት ነዋሪዎች በደንገል ታንኳ፣ ከዳርቻ ሳይርቁ የሚሠሩት ሥራ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በልማት ፕሮግራም ገባ። የባሕር ዳር ገበያ ዓሣ አገኘ፤ በጾም ወቅት ዓሣ ፈላጊው ምን ያህል እንደሆነ የማያውቅ ነጋዴ የለም። ይሁንና ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዐሥር ዓመታት የነጭ ዓሣው ክምችት በሦስት አራተኛ መቀነሱን ጥናት አሳየ። ዋናው ምክንያት ዓሣው ሊጥል ወደ ወንዝ ሲወጣ በወንዙ አፍ ላይ መረብ ተዘርግቶ መጠበቁ ነው። ሽቅብ ወጥቶ ያመለጠውንም የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ወንዙ ውስጥ በመጨመር የሚያሰክሩት ነበሩ። በመርዝ ማጥመድ በ1995 ዓ.ም. በወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የተከለከለ መሆኑን እግረ መንገዴን ላስታውስ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ እምቦጭ በጣና ታየ፤ ያንን መቼም እናንተም በእጃችሁ ስለነቀላችሁት አልተርከውም።

በሐይቁ ውስጥ በመረብ የምንወስደውና በሜዳው ላይ በማረሻና በሞተር የምንዘጋው አንድ ዓሣ ነው። ሕጋችንና ክርክራችን ግን ስለ መረቡ ብቻ ሆኖ ኖሯል። ስለ መረቡ ሲወራ ጥፋተኛው አጥማጁ ነው። ስለ መራቢያው ሲወራ ጥፋተኛው እኛ ሁላችን ስለሆንን ይሆናል ብዙም የማይወራው።

የእኛ ኩሬ

አሁን ወደ ትንሿ ነገር ልውረድ። በምሠራበት ቀበሌ ግማሽ ሄክታር የማትሞላ ኩሬ አለች። ዱሮ ወንዙ ይሄድባት የነበረች ጠመዝማዛ ቦታ ናት፤ ወንዙ መንገዱን ሲቀይር ኩሬ ሆና ቀረች። ሽማግሌዎች እንደሚሉት በልጅነታቸው በየክረምቱ ጎርፉ እየገባ ዓሣ ያድስላት ነበር። እረኛ በመንጠቆ፣ ሌላው በቅርጫት ያጠምድባታል፤ ከብት ይጠጣባታል። የአፈር ግድቡ ከተሠራ በኋላ ከወንዙ ተለየች። ከላይ ካለው እርሻ የሚመጣው ደለል እየሞላት በሚያዝያ ወር ውኃዋ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍበት ዓመት መጣ። ከዚያ በኋላ ከወዲህም ከወዲያም ሽምብራ ይዘራባት ጀመር።

በ2012 ዓ.ም. የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራችን አባላት ኩሬዋን በተፋሰስ ልማት የሕዝብ ንቅናቄ እንመልሳት አሉ። ሐሳቡ የእነርሱ ነው። ዕቅዱን ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ፤ ዕቅዱም የተሳሳተ ነበር። ይህን የምጽፈው ሌላ ቀበሌ ያለ የሥራ ባልደረባዬ እንዳይደግመው ነው።

ኩሬዋ የተበላሸችው በደለል ነው ብዬ ስላሰብኩ መድኃኒቱ ጥልቀት ብቻ መሰለኝ። ቄጠማውንና ፊላውን «አረም» ብለን ከሥሩ ነቀልነው። ዳር እስከ ዳር እኩል አድርገን፣ ግድግዳውን ቀጥ አድርገን ቆፈርን። አፈሩን አፋፉ ላይ ከመርነው። ሲያልቅ አራት ማዕዘን ያላት፣ ለሪፖርት ፎቶግራፍ የምታምር ኩሬ ሆነች። ከሐይቁ ዳርቻ ቀረሶ በጀሪካን አምጥተን ጨመርን። ክረምት ሲመጣ አፋፉ ላይ የከመርነው አፈር ግማሹ ተመልሶ ገባ። ዓሣው አልሞተም፤ ግን ዓመቱ ዞሮ ሲመጣ አንድ ጫጩት አልታየም። ያስገባናቸው ራሳቸው ትንሽ ወፍረው ተያዙና አለቁ።

ነገሩን የገለጡልኝ በማኅበራችን ውስጥ አያ የምንላቸው አንድ የቀድሞ አጥማጅ ናቸው። ኩሬዋ አጠገብ ቆመው በዱላቸው ግድግዳውን መታ መታ አደረጉና «ልጄ፣ እናንተኮ ጉድጓድ ቆፈራችሁ እንጂ ኩሬ አልመለሳችሁም። ዓሣ ገደል ላይ ይወልዳል እንዴ?» አሉኝ። ኮሌጅ በተማርኩት የዓሣ እርባታ ትምህርት የቀረሶ አጣጣል ተጽፎ ነበር፤ ፈተናም ተፈትኜበታለሁ። ከኩሬዋ ጋር ያገናኘሁት ግን ያን ዕለት ነው።

በቀጣዮቹ ሁለት በጋዎች እንደገና ሠራናት። ይህን ክፍል ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው ለሚሠሩ ሰዎች ይጠቅማል ብዬ ነው።

ጥልቁን ቦታ አልደፈንነውም። ኩሬዋ በበጋ እንዳትሞትና ዓሣው ሙቀቱን የሚሸሽበት እንዲኖረው ከሰው ቁመት ያላነሰ ጥልቀት ያለው አንድ ጥግ ያስፈልጋል። የቀረውን ሦስት ወገን ግን ግድግዳውን አፍርሰን እንደ ሩዝ ማሳ ዝቅ እያለ የሚሄድ ደረት አደረግነው፤ ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ እስከ ጉልበት፣ ከዚያም እስከ ወገብ። የወጣውን አፈር አፋፍ ላይ መተው ቀረና አባላት ለማሳቸው ወሰዱት፤ ያ አፈር ከእነርሱ ማሳ የታጠበ ስለሆነ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ ማለት ይቻላል። ቄጠማውን በአንድ ወገን ተክለን በሌላው ወገን ክፍት ተውነው፤ አንደኛው ለአምባዛ፣ ሁለተኛው ለቀረሶ ጉድጓድ። ቄጠማና ፊላ ሁሉን ቦታ ከሸፈነ ደግሞ ጉዳት አለው፤ ተክል በሌሊት እንደ ዓሣው ሁሉ ይተነፍሳል፤ ጥልቀት በሌለው ኩሬ ጎሕ ሲቀድ ዓሣ አፉን ወደ ላይ አድርጎ አየር ሲጎርስ ካያችሁ ውኃው ታፍኗል ማለት ነው። አምባዛ አየር የሚስብበት ተጨማሪ አካል ስላለው ይችለዋል፤ ቀረሶ አይችለውም።

ውኃው ከሚገባበት በላይ ደለል የሚያርፍበት ጉድጓድ ቆፈርን፤ ከእርሱም በላይ ቬቲቬርና ዝሆኔ ሣር ተከልን። ጉድጓዱ በየዓመቱ ካልተጠረገ ከንቱ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ሳንጠርገው ቀርተን ደለሉ አልፎት ገብቷል። የግራር ቅርንጫፍ በድንጋይ አስረን ጥልቁ ጥግ ውስጥ አሰመጥን። ይህ ለጫጩት መደበቂያ ነው፤ በሌሊት መረብ ለሚጥል ሰውም መረቡን ስለሚቀድበት ጥሩ ዘበኛ ሆኗል። ከብት በአንድ በኩል ብቻ እንዲጠጣ አጠርን። የመርጫ መሣሪያን ኩሬዋ ውስጥ ማጠብ በመተዳደሪያ ደንባችን ተከለከለ፤ የሽንኩርት ፀረ ተባይ የነካውን ውኃ ዓሣ ቀርቶ ከብትም ሊጠጣው አይገባም።

ከቁፋሮው ሁሉ የከበደው ግን ችካሉ ነው። ኩሬዋ መካከል የግራር እንጨት ተክለን ቀለም ቀባነው። ውኃው እስከ ቀለሙ ከወረደ ሞተር መሳብ ይቆማል። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል። መጋቢት ውስጥ ግን ሽንኩርቱ ራስ ሊቋጥር ሁለት ውኃ ሲቀረው ችካሉ ብቅ አለ። ከኩሬዋ አጠገብ መሬት ያላቸው አባላት አቤት አሉ። አንደኛው አባል በስብሰባ ላይ የተናገሩት ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፦ «ሞተሩን በብድር እንድገዛ የመከርከኝ አንተ ነህ። አሁን ለዓሣ ብለህ ዝጋ የምትለኝም አንተ ነህ። የቱን ልስማ?»

እውነታቸውን ነው። ሞተሩን ያስተዋወቅነው እኛ የልማት ሠራተኞች ነን፤ የሠራንበትም በቅን ነው። ያኔ የማንም ዕቅድ ላይ «ከየትኛው ውኃ፣ እስከ የት ድረስ?» የሚል መጠይቅ አልነበረም። ክርክሩ ሁለት ስብሰባ ፈጀ። በመጨረሻም ከኩሬዋ አጠገብ ያሉት አባላት ቀድሞ የሚደርስ ሰብል እንዲዘሩ፣ የሽንኩርት ተከላቸውንም ቀደም እንዲያደርጉ፣ ችካሉ ከታየ በኋላ የመጨረሻዎቹን ውኃዎች ከሌላ አባል የእጅ ጉድጓድ እንዲያገኙ ተስማማን። ጉድጓዱን የሰጡት አባል ክፍያ አልጠየቁም። ስምምነቱ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሌሊት ተጥሷል፤ የሞተር ድምፅ ግን አይደበቅም፤ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ በሽማግሌ አለቀ።

ዓሣውስ? ዳርቻው ከተስተካከለ በኋላ በመጣው ክረምት ማግስት፣ ውኃው ሲጠራ፣ በክፍቱ ወገን ጉልበት በማይደርሰው ውኃ ውስጥ ሳሕን ሳሕን የመሰሉ ጉድጓዶች ተቆፍረው አየን። አያን ጠርቼ አሳየኋቸው። «እንዲህ ነው» ብለው ሌላ ሳይጨምሩ ሄዱ። ከሰኔ እስከ መስከረም ማጥመድ ተከልክሏል። ከጥቅምት ጀምሮ አባላት በተራ ያጠምዳሉ፤ ጣት የሚያህለው ወደ ውኃው ይመለሳል። ኩሬዋ ማንንም አላበለጸገችም፤ ግማሽ ሄክታር የማትሞላ ኩሬ ባለጸጋ ታደርጋለች ብሎ የሚጽፍ ሪፖርት ካያችሁ አትመኑት። ቢሆንም በጾም ወራት ከገበያ ሳይገዙ ለልጆቻቸው ዓሣ የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ፤ ከብቶችም በሚያዝያ ውኃ አላጡም።

ከኩሬዋ ወደ ሸሸር

ኩሬዋ የቀረሶ ኩሬ ሆናለች። አምባዛ ግን በራሱ አልመጣም፤ መንገዱ ተዘግቷልና። ይህ ነው ከትንሿ ኩሬ ወደ ሸሸርና ወላላ የሚመልሰኝ። ሸሸርን በአካፋ መመለስ አይቻልም፤ ቢቻልም አያስፈልግም። ሸሸር ጥልቅ ሆኖ አያውቅም። የሚያስፈልገው ጎርፉ በክረምት የሚገባበት በር፣ በበጋ ደግሞ የማይሳብበት ችካል ነው። የቀረው ዳርቻ እንዳይታረስ ወሰኑን የሚያውቅና የሚያስከብር ሰውም ይፈልጋል። ጣናና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ምዝገባው ግን ችካል አይተክልም።

የወረዳና የዞን ኃላፊዎች ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁት አንድ ነገር ልጠይቅ። የጎርፍ መከላከያ ግድብ ሲጠገን ወይም ሲራዘም የመስኖና የመንገድ ባለሙያ በቦታው ይገኛል፤ የዓሣ ባለሙያም እንዲገኝ አድርጉ። በግድቡ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ማድረግ ግድቡን እንደ ማፍረስ አይደለም። በር ያለው ቤት ከሌባ የማይጠበቅበት ምክንያት የለም፤ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ መታወቁ ነው ዋናው።

በቀበሌያችንም አሁን የደረስነው እዚሁ ላይ ነው። ከኩሬዋ ትይዩ ባለው የአፈር ግድብ ላይ ትንሽ የብረት በር ያለው ማስተላለፊያ እንዲገባ በማኅበራችን ስም ጥያቄ አቅርበናል። ሐሳባችን የመጀመሪያው ጎርፍ ደለል ስለሚበዛበት እርሱን አሳልፈን፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሲደርስ በሩን ለጥቂት ሌሊቶች ከፍተን አምባዛው እንዲገባ፣ በመስከረም ደግሞ ጫጩቱ እንዲወጣ ነው። ከግድቡ ሥር ሩዝ ያላቸው አባላት «ውኃው ከኩሬዋ አልፎ ከመጣስ?» ብለው ጠይቀዋል፤ ጥያቄያቸው የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ጥያቄ ነው። ማሳቸው ቢጎዳ ማኅበሩ ከዓሣው ገቢ እንዲክስ የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ የዓሣው ገቢ ለዚያ እንደማይበቃ ደግሞ ገንዘብ ያዣችን ተናግረዋል። የበሩ ቁልፍ በሩዝ አምራቾቹ ወይስ በዓሣ ኮሚቴው እጅ ይሁን የሚለው አልተወሰነም። አያ ቁልፉ ሁለት ይሁን፣ በሩም ሁለቱ ወገኖች ካልተገኙ አይከፈት ብለዋል። ጉዳዩ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የተያዘ ሲሆን፣ በጸሐፊያችን በጎ ፈቃድ በዚህ ዓመት በአጀንዳው ሁለተኛ ተራ ቁጥር ላይ ተመዝግቧል።